ውጭ ያለችው

ልጅ ሳለሁ ሬዲዮ ይሳሳታል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባቴ ላቀው ዜና ሊጀምር ሲል ቤቱን በሙሉ ዝም ያሰኝ ነበር። እማዬ አሰለፈች ማማሰያዋን ይዛ ትቆማለች፤ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዜናው ሲያልቅ አባባ ራሱን ነቅንቆ «እንግዲህ ሰማችሁ» ይለናል። ከዚያ በኋላ የተባለው ነገር እውነት ነው፤ ማንም አይከራከረውም።

ሰፈራችን ከአርብ ገበያ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። አጥራችን ከፍሥሐና ከካሣነሽ አጥር ጋር ይያያዛል። እቴቴ ካሣነሽ እላታለሁ። ያኔ ገና ወጣት ሴት ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ልጇ ሃይማኖት የእኔ እኩያ ናት፤ አንደኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው። ከእሷ በታች ጥላዬ የሚባል፣ ታላቅ እህቱን እታለም እያለ የሚጠራ፣ በሩ ክፍት ከሆነ ወደ ገደሉ የሚሮጥ ልጅ አለ። ከጥላዬ በታች ደግሞ በዚያው መኸር የተወለደች ሕፃን ነበረች። ገና ክርስትና ስላልተነሣች ስም አልወጣላትም። እኔና ሃይማኖት ሚጡ እንላታለን።

ታኅሣሥ ነበር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ወንዶቹ ሁሉ አውድማ ላይ ናቸው። የዚያን ቀን ሃይማኖት ሚጡን ጠብቂ ተብላ ከትምህርት ቤት ቀረች። ወንበሩ ለብቻዬ ሲሆንልኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስመለስ ከጉብታው ማዶ ጭስ አየሁ። ወሩ የሽምብራ እሸት ወር ስለሆነ ልጆች እሳት አንድደው እየጠበሱ መሰለኝ። ሳይጨርሱብኝ ልድረስ ብዬ ደብተሬን ደረቴ ላይ አጣብቄ ሮጥኩ። ምራቄ በአፌ ሞልቶ፣ እየሳቅሁ ነው የወረድኩት።

ጉብታውን ስጨርስ የእነ ሃይማኖት ቤት ክዳን የለውም። ግድግዳው ብቻ ቆሞ ከመካከሉ ጭሱ ይወጣል። ሰው ሁሉ ይጮኻል። ፍሥሐን ሦስት ወንዶች መሬት ላይ ተጭነው ይዘውታል፤ ለምን እንደሚጣሉት አልገባኝም። እቴቴ ካሣነሽ በሩ ከነበረበት ፊት ለፊት ጀሪካኗን በጀርባዋ እንዳዘለች ቆማለች። አታለቅስም። ውሃው ከጀሪካኑ እየተንጠባጠበ ቀሚሷን አርሶታል። ያን ሁሉ ውሃ ይዛ ለምን እንደማትደፋው ገረመኝ።

እማዬ ከየት እንደመጣች እንጃ፤ ከኋላዬ ያዘችኝና ፊቴን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«አትዪ! ልጄ፣ አትዪ!»

ከነጠላው ውስጥ የማየው ብርሃን ብቻ ነበር። የተቃጠለ ሣር ይሸታል፤ ሌላም ሽታ አለ። ያንን ሽታ አሁንም ቢሆን በምንም ልመስለው አልችልም።

የሆነውን በደንብ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቅርብ ያለችው ምንጭ በዚያ ወር ትደርቅ ስለነበር እቴቴ ካሣነሽ ውሃ ፍለጋ ታች ወንዝ ወርዳለች። ጀሪካን በጀርባ ነው የሚታዘል፤ ሕፃንና ጀሪካን አብረው አይታዘሉም። ሚጡ ተኝታለች። ጥላዬ ወደ ገደሉ እንዳይሮጥ በሩን ከውጭ በእንጨት ሸጎረችው። ፍሙ ከምድጃው እንዴት እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ከአውድማው ሲደርሱ ክዳኑ ወድቋል። ሃይማኖትን ያገኟት በሩ ጋ አልነበረም። ጓዳው ጥግ ሕፃኗን ከሥሯ አድርጋ፣ ጥላዬን በአንድ እጇ ይዛ ነው። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነገረኝ፤ ደግሜም አልጠየቅሁት።

ያኔ ግን የማውቀው የቀብሩን ቀን በአጥራችን ቀዳዳ ያየሁትን ነው። በነጭ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ያለ፣ በወንዶች ትከሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየሁ። ከፊታቸው መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሦስተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም።

ቤታቸው ስለተቃጠለ ፍሥሐና እቴቴ ካሣነሽ እኛ ቤት ገቡ። ለቅሶውም እኛው ግቢ ሆነ። በሰልስቱ ማግስት ከንፋስ መውጫ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ መጣ። ጫማው በአቧራ ነጥቷል፤ በእጁ ጥቁር የበቆሎ ራስ የሚመስል ነገር ይዟል። እሱን ወደ ጋሽ አበባው አፍ አስጠጋ። ጋሽ አበባው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር።

«ስንት ልጆች ናቸው የሞቱት?» አለ ጋዜጠኛው።

ጋሽ አበባው መጀመሪያ መምሬን፣ ቀጥሎ ፍሥሐን አየ። መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

«ሁለት ናቸው» አለ።

«እናትየውስ የት ነበረች?»

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተናገረ። አንዱ ውሃ አለ፣ ሌላው ዕለቱ አርብ ነበር፣ ገበያ ሳትሆን አትቀርም አለ። እሷን ግን ማንም ውጪና ተናገሪ አላላትም። ጓዳ ከእማዬ ጋር ነበረች።

እሑድ ቀትር ላይ ዜናው ተላለፈ። ለቅሶ ደራሹ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ግቢያችንን ሞልቶታል። አባባ ሬዲዮውን አውጥቶ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠው። የሴትዮዋ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር፤ የወረዳችንን ስም ስትጠራ ሰው ሁሉ ተቁነጠነጠ።

«…በደረሰ የእሳት ቃጠሎ የሁለት ሕፃናት ሕይወት አልፏል። አደጋው የደረሰው ወላጅ እናታቸው በር ዘግታባቸው ወደ ገበያ በሄደችበት ወቅት መሆኑን የአካባቢው ነዋሪዎች ገልጸዋል። ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ጠባቂ ከመተው እንዲቆጠቡ…»

ቀጥሎ ስለ ማዳበሪያ ሥርጭት ወሬ ጀመረች። የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና እቴቴ ካሣነሽ ወጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች፤ ጆሮዋ ትልቅ ሆኖ ታየኝ።

«ሁለት?» አለች።

ወደ አባባ ዞረች።

«ላቀው፣ ሁለት ነው ያለችው?»

አባባ ተነሥቶ ሬዲዮውን ዘጋው። እሷ የተዘጋውን ሬዲዮ ታየዋለች። እኔ ግን ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ሬዲዮ አይሳሳትም። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ የሞቱት ሁለት ናቸው። ስለዚህ ሚጡ አለች!

የት እንዳለች ለማወቅም ብዙ አልቆየሁ። በማግስቱ እማዬና ጎረቤታችን እትዬ ጌጤ ከቤቱ ጀርባ ጌሾ እየወቀጡ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ትንሿንስ እንዴት አደረጓት?» አለች እትዬ ጌጤ።

«ውጭ ናት እንጂ፤ ምን ይደረግ» አለች እማዬ።

«እኔን! ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

ለእኔ ውጭ ማለት አንድ ቦታ ነው። የእትዬ ጌጤ ልጅ ህይወት በዚያው ዓመት «ውጭ ሄደች» ተብሎ ነበር። ከዚያ ፎቶግራፍ ልካለች፤ ከበስተኋላዋ ባሕር አለ። ሚጡም ታዲያ ውጭ ከሄደች፣ ሌላ ማንን ታውቃለች? ህይወት ዘንድ ናት እንጂ!

እቴቴ ካሣነሽን ያገኘኋት ጓዳ ነው። ግድግዳውን ተደግፋ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጥ ነበር። ጆሮዋ ሥር ሄጄ ሹክ አልኳት።

«እቴቴ፣ ሚጡኮ ውጭ ናት።»

ዘወር ብላ አየችኝ። «ማነው የነገረሽ?»

«እማዬ ስታወራ ሰማሁ። ብቻዋን ግን አይደለችም። ከህይወት ጋር ናት።»

እቴቴ ካሣነሽ እጇን ከጭኗ አነሣች። ከዚያ «ከሕይወት ጋር?» አለችኝ።

«አዎ።»

ስባ ደረቷ ላይ አጣበቀችኝ። የጭሱ ሽታ ገና ከቆዳዋ አልለቀቀም። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላወቅሁም። እኔ ያስደሰትኳት መስሎኝ ዝም ብዬ ታቀፍኩላት።

ከአርባው በኋላ አንድ ጧት ነጠላዋን መስቀለኛ አድርጋ ሸብ አድርጋ መንገድ ጀመረች። እማዬ እስከ በር ተከትላ «ካሣነሽ፣ እባክሽ ተይው፣ ምን ይረባሻል?» ስትላት ሰማሁ። እሷም «ሄጄ ማለት አለብኝ» አለች። ንፋስ መውጫ ልትሄድ ነው። ከንፋስ መውጫ አውቶቡስ ይነሣል፤ አውቶቡስ ውጭ ያደርሳል። ሚጡን ልታመጣ መሆኗን ከእኔ በቀር የገባው ያለ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ መንገዱ ዳር ተቀምጬ ጠበቅኋት። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጠመዝማዛው ላይ ብቅ አለች። ጎንበስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ነገር አለ። «መጣች! ሚጡ መጣች!» እያልኩ ሮጬ ከኋላዋ ዞርኩ። በገመድ የታሰረ ግራጫ ብርድ ልብስ ነበር። እሳት ቤታቸውን ለበላባቸው የሚሰጥ ነው ብለው አሸክመዋታል።

«ሚጡስ?» አልኳት።

ብርድ ልብሱን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችበት። ከንፈሯ በንፋስ ተሰንጥቋል።

«ውጭ ሩቅ ነው፣ ቤቲዬ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሁለታችን መካከል የተያዘ ወሬ ሆነ። ፍሥሐ አዲስ ጎጆ ቀልሶላት ከእኛ ከወጡም በኋላ፣ ስንዴ ስትለቅም ወይ አሹቅ ስትቀቅል አጠገቧ እቀመጣለሁ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች።

«እንዴት ናት ልጅቱ?»

«ጥርስ አወጣች።»

«ላይኛውን ነው ታችኛውን?»

«ታችኛውን። ትናከሳለች።»

«ትናከስ» ትልና ፈገግ ትላለች።

እኔ እየዋሸሁ አይመስለኝም ነበር። እትዬ ጌጤ ስልክ ልታነጋግር ንፋስ መውጫ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር «ደህና ናቸው?» እላታለሁ፤ እሷም ስለ ልጇና ስለ አሠሪዎቿ የጠየቅኋት መስሏት «ደህና ናቸው፣ እግዜር ይመስገን» ትለኛለች። ደህና ከሆኑ ሚጡ ማደጓ አይቀርም። ስንት እንደሆናት አስቤ የዚያ ዕድሜ ልጅ የሚያደርገውን ነው የምናገረው። ዳዴ አለች። ቆመች። ጫማ ተገዛላት። አንድ ቀን ባሕሩን ፈርታ አለቀሰች ስላት እቴቴ ካሣነሽ መልቀሟን አቆመች።

«ማን አባበላት?»

«ህይወት።»

«ደግ» አለች። ሰፌዱን መልሳ አነሣች።

እማዬ አንድ ጊዜ ደረሰችብን። ከበሩ ቆማ ስትሰማ ቆይታ ገብታ ክንዴን አፈፍ አደረገችኝ።

«ምንድን ነው የምትቀባጥሪው አንቺ! የሰው ቁስል መነካካት!»

«ተያት፣ አሰለፈች» አለች እቴቴ ካሣነሽ።

«እንዴት እተዋታለሁ?»

«ተያት አልኩሽ። የእኔ እንግዳ ናት።»

እማዬ ለቀቀችኝ። ለምን እንደተቆጣች አልጠየቅሁም፤ ትልልቆች የማያውቁት ነገር ሲወራ ይቆጣሉ ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው የእማዬ እጅ ነው የሚታወሰኝ፤ ክንዴን ስትይዘኝ በረዶ ሆኖ ነበር። እብደት ነው ብላ ፈርታለች። ካሣነሽ አእምሮዋን እየሳተች፣ እኔም ወደዚያው የምገፋት መስሏታል።

ህይወት የተመለሰችው ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ነው። መንደሩ በሙሉ አርብ ገበያ ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። እኔ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ለሚጡ የምሰጣትን የዶቃ ማሰሪያ በጨርቅ ቋጥሬ ከፊት ተሰለፍኩ። መኪናው ቆመ። ህይወት ወረደች፤ ከሥታለች። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ወረደ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

እልልታው መካከል ቀሚሷን ጎተትኩ።

«ሚጡስ?»

«የቷ ሚጡ?» አለችኝ እየሳመችኝ።

«የእቴቴ ካሣነሽ ሚጡ። አንቺ ጋ ያለችው።»

ህይወት ግራ ገብቷት እናቷን አየች። እልልታው ከእኛ አጠገብ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቆመ። እቴቴ ካሣነሽ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ያኔ ተክለሃይማኖት ተወልዶላት በጀርባዋ አዝላዋለች። አየችኝ። የዚያን ዕለት ያየሁትን የሚያህል ይቅርታ የሚለምን ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ልጅ ነኝና የተቆጣች መሰለኝ።

እማዬ እጄን ይዛ ከሰው ለየችኝና ጥድ ሥር አስቀመጠችኝ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ሲሞት ቅጽር ውስጥ እንደማይቀበር፣ ፍትሐትም እንደሌለው ነገረችኝ። ውጭ ማለት ይሄ ነው። ከቅጽሩ ውጭ። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስና ፍሥሐ ብቻ ሆነው፣ ያለ ለቅሶ፣ ነው የቀበሯት።

ከዚያ ቀን በኋላ እቴቴ ካሣነሽ ልጅቱ እንዴት ናት ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ስንዴ ስትለቅም አጠገቧ መቀመጥ ተውኩ።

ዛሬ ባሕር ዳር አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። የቃጠሎ ዜና ሲመጣ ባልደረቦቼ ወደ እኔ ይገፉታል፤ ከሌላው ይልቅ እንደምቆይበት ያውቃሉ። ዜናዎቹ ሁሉም ይመሳሰላሉ። በር ተዘግቶባቸው። እናት ውጪ ሳለች። ወላጆች እንዲጠነቀቁ ተጠይቋል። ባለፈው ዓመት መልካሙ የሚባለው ዘጋቢያችን ከገጠር ደውሎ እንዲህ ያለውን ሲያነብልኝ አቋረጥኩት።

«ቤት ውስጥ ስንት ልጅ ነበር?»

«የሞቱት ሁለት ናቸው አልኩሽ።»

«የሞቱትን አይደለም። ቤት ውስጥ የነበሩትን ጠይቅልኝ። እናትየዋን ራሷን።»

«ቤቲ፣ ሴትዮዋ በምን አንደበቷ…»

«ጠይቃት። ማንም አይጠይቃትም።»

ስልኩን ዘጋሁት። በዚያው ሳምንት ለደብራችን ንግሥ ፈቃድ ወስጄ አገሬ ገባሁ።

እቴቴ ካሣነሽ አርጅታለች። ፍሥሐ ሞቷል። ቅዳሴ ወጥተን ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ።

«እቴቴ፣ ያኔ ንፋስ መውጫ የሄድሽው ለምን ነበር?»

«ልጁን ፍለጋ። ጋዜጠኛውን።» ትንፋሽ ለመውሰድ ቆመች። «አገኘሁት። ሦስት ናቸው በልልኝ አልኩት። ደንግጦ አስቀመጠኝ፤ ሻይ አዘዘልኝ። አለቆቹን ጠየቀ መሰለኝ፤ ያለፈ ዜና አይደገምም አሉት። እሱም ልጅ ነው፤ አለቀሰ።»

«እነ ጋሽ አበባው ለምን ሁለት አሉ?»

«ለእኔ ብለው ነዋ። አራስ ልጇን ጥላ ሄደች ብሎ አገር እንዳይሰድበኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ክፉ አላሰቡም።»

«ገበያ ሄደች ያሉትንስ? ውሃ ነው ብለሽ አልነገርሽውም?»

«እሱንማ ይበሉ። እኔን የፈለጉትን ይበሉ። የተወለደችውን ግን አልተወለደችም ይላሉ?»

ጥቂት ተራመድን። መጠየቅ የምፈራውን ጠየቅኋት።

«እኔ ያን ሁሉ ስቀባጥርብሽ… አምነሽኝ ነበር?»

«ምኑን አምናለሁ? በዚህ እጄ ገንዣታለሁ» አለችኝ፤ እጇን እንኳ አላነሣችም። «ለሃይማኖትና ለጥላዬ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሙሾ ወረደላቸው፣ ተዝካር ወጣላቸው። እሷን የሚያነሣልኝ ሰው አልነበረም። ፍሥሐ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንድ ቀን አላነሣትም። አንቺ ብቻ ጥርስ አወጣች፣ ቆመች ትዪኛለሽ። እንዴት ዝም በይ ልበልሽ?»

እጄን ይዛ በምሥራቅ በኩል ወዳለው ቅጽር ወሰደችኝ። ግንቡ እዚያ ጋ እንደሌላው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ይወጣና ተመልሶ ይገጥማል። ድንጋዩም ከሌላው ይልቅ አዲስ ነው። እኔ ባሕር ዳር ስማር የፈረሰው ሲጠገን የተሠራ መሆኑን ነገረችኝ። መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ያን ጊዜ ዐይናቸው ደክሞ በሰው እጅ ነበር የሚሄዱት። ግንበኞቹ በቀድሞው መሠረት ላይ ሊጀምሩ ሲሉ መምሬ መጥተው በመቋሚያቸው መሬት ነክተው «በዚህ በኩል ነው የሚዞረው» አሉ። መሬቱ የራሳቸው የገብስ ማሳ ጫፍ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ለምን እንደሆነ ሳይጠይቃቸው ፈቀደ። ሁሉም ያውቃል። እቴቴ ካሣነሽ ድንጋይ ስታቀርብ ከረመች።

«ፍትሐት አልፈቱላትም፤ አይፈታም» አለችኝ። «ግንቡን ግን አዞሩላት።»

በታጠፈው ግንብ ውስጥ ሣሩ ረዝሟል። ምልክት የለውም። ቆመን ሳለ ልጇ ተክለሃይማኖት ማጭድ ይዞ መጣ። ዲያቆን ሆኗል፤ ጢም አብቅሏል፤ ለንግሡ እንግዳ የሚነጠፍ ሣር እያጨደ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና እግሬን አየ።

«እህቴ፣ ትንሽ ዞር ትይልኛለሽ? እታለም ላይ ቆመሻል።»

የሃይማኖትና የጥላዬ መቃብር እዚያ ማዶ፣ ወይራው ሥር ነው። ዞር አልኩለት። ማጭዱን መሬት አስቀምጦ እዚያች ቦታ ያለውን ሣር በእጁ እየነጨ ማንሣት ጀመረ።